የታሂር የውሃ ሞተር

ገመዱን እስባለሁ። ሞተሯ ክርር ትልና ዝም ትላለች። ደግሜ እስባለሁ፤ ያው ነው።

«ተይ እስቲ፣ ክንድሽ ይወልቃል» ይላል ጋሹ፣ የማሳ ጎረቤታችን። ካንዴላዋን ፈቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ መልሶ አስሯል። ቤንዚኑን ቀድቶ አሽትቶ «ይሄስ ደህና ነው» ብሏል። አሁን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። «እኔ እንጃ ሱዓድ። ይቺም ለቅሶ ተቀምጣለች መሰለኝ።»

አልስቅም። እኔ በዒዳ፣ በባል ሐዘን፣ ቤት ተዘግቼ ሳለሁ ሽንኩርቱን የተከለልን የሟቹ ባሌ የታሂር ወንድም ነው። የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ ሽንኩርቱ በቦይ ይጠጣ ነበር። አሁን ወንዙ ወርዷል፤ ያለ ሞተር አንድ ጣሳ ውሃ ወደ ማሳው አይወጣም። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ ራሱን የሚቋጥርበት ጊዜ ነው። ዛሬ ካልጠጣ የዓመት ጉርሳችን እዚሁ ይቀራል።

ሞተሯን ዛሬ ጠዋት የባሌ ወንድም ከቤት በባጃጅ አምጥቶ ወንዙ አፋፍ ላይ ጣላትና ወደ ሥራው ሄደ። ታሂር ከሞተ ወዲህ የነካት ሰው የለም።

ከአስፋልቱ በኩል አንዲት ሴት ሻርፗን ነፋስ እያንገላታባት ስትወርድ አያለሁ። አረማመዷን አውቀዋለሁ። አሲያ ናት፣ ጣውንቴ። ታሂር ሁለት ቤት ነበረው፤ የእኔ ቆቦ፣ የእሷ ጎብዬ።

«ማን ጠራት?»

ጋሹ ወደ ወንዙ ይዞራል። «እኔ ነኝ የደወልኩላት። ምን ላድርግ፣ ሽንኩርት ጣውንትነት አያውቅ!»

«አሰላሙ አለይኩም» ትላለች አሲያ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ገመዱን አትነካም። ጎንበስ ብላ ሞተሯን ከጎን ታያታለች። «ምነው ቁልቁል አስቀመጣችኋት?»

«ቁልቁል ብትሆን ምን አለበት?» ይላል ጋሹ።

«ዘይቷ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ያኔ ዘይት ያለቀባት ይመስላታል። እንዳትቃጠል ፈርታ እንቢ ትላለች።» ከወንዙ ጠፍጣፋ ድንጋይ ታነሳለች። «አያ ጋሹ፣ ቀና አድርግልኝ። ትንሽ... በቃ።» ድንጋዩን ከሞተሯ ታችኛው እግር ሥር ታስገባለች።

«ማን ነገረሽ ይሄን?» እላለሁ።

«እሱ ነዋ። ድንጋዩን የማስገባው እኔ ነበርኩ።»

እኔ ለታሂር ሦስት ልጆች ወልጃለሁ። አንድ ቀን ወንዙ ዳር አላመጣኝም። «አንቺን ፀሐይ አይንካሽ» ይለኝ ነበር፤ ፍቅር ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ቀኑን ለካ ከእሷ ጋር እዚህ ነበር የሚውለው። እሷ ድንጋይ ስታስገባ፣ እሱ ገመድ ሲስብ፣ ሁለቱ አንድ ቱቦ ይዘው ሲጓተቱ። ለእኔ ማታ ማታ ይዞልኝ የሚገባው የቤንዚን ሽታውን ነበር።

ሽንኩርቱ ይጠጣ ብዬ እለምናለሁ፤ ደግሞ ሞተሯ በእሷ እጅ እንዳትነሳ እለምናለሁ። ሁለቱንም ባንድ አፍ።

አሲያ ገመዱን ትጨብጣለች። ፊቷን ወደ ሞተሯ አስጠግታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ «ነይ ሆዴ፣ ነይ በይ» ትላለች። ትስባለች።

ሞተሯ ተነሳች። ቱቦው ተንፈራግጦ ተወጠረ፤ መጀመሪያ ጭቃ፣ ከዚያ ውሃ ይተፋል። ጋሹ «እልል በሉ እንጂ!» እያለ አካፋውን ይዞ ቦዩን ሊከፍት ይሮጣል።

እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ታሂር «ሆዴ» የሚለው እኔን ነበር። በሩ ተዘግቶ፣ ልጆቹ ተኝተው። እናቱ ፊት እንኳ ብሎኝ አያውቅም። ማሳውን ትካፈለኝ፣ ቀኑንም ትውሰደው። ይቺን ቃል ግን ከማንም ጋር የምካፈላት አይመስለኝም ነበር።

«እንደዚያ ነበር የሚልሽ?» ድምፄ ከሞተሯ በላይ ይጮሃል።

«ምን?»

«ሆዴ!»

ትስቃለች። ከዚያ ሳቋ ይቆማል። «እኔን? ውይ እቴ! እኔንማ ‘አሲያ ድንጋይ አምጪ፣ አሲያ ቱቦውን ያዢ’ ነው። እሷን ነው እንደዚያ የሚላት።» ሞተሯን በመዳፏ መታ ታደርጋታለች። «ወላሂ በብረት እቀና ነበር።»

እጇን በሻርፗ ትጠርጋለች። ጠርጋ ከጨረሰች በኋላም ትጠርጋለች። እኔን አታይም።

«አንቺንስ? ይልሽ ነበር?»

ቃሉ አፌ ውስጥ ነው። ባወጣው እንዴት እንደምትሆን አውቃለሁ፤ እሷ ከመጣች ወዲህ እኔ እንደዚያ ሆኜ ነው ያለሁት።

«ኧረ ወዲያ!» እላለሁ። «እኔንም በስሜ ነው።»

አንገቷን ትነቀንቃለች። ትከሻዋ ዝቅ ይላል። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ በቦዩ ዳር ውሃውን ተከትላ ትሄዳለች።

እኔ ሞተሯ ዘንድ እቀራለሁ። ትንቀጠቀጣለች። እጄን ጀርባዋ ላይ አደርጋለሁ። ትፋጃለች። አላነሳም።