ከሳሿ ጎረቤት

ዶሪን የተሰበረ ዳሌዋን በምርኩዝ እየጎተተች ከአጥሩ በር ስትደርስ ሩስ የውሻውን ማሰሪያ በእጁ ጠመጠመው። የጣላት ይኸው ውሻ ነበር። ክሷ ትናንት ደርሶታል፤ የቤት ኢንሹራንሱ የሕክምናዋን ወጪ ግማሹን እንኳ አይሸፍንም። መቼስ ሁሉም የሚበረታው በእሱ ላይ ነው።

«ጎረቤት ሆነሽ ቤቴን ልትነጥቂኝ?» አላት።

«አንተ ጅል፣ እኔ የፈለግኩት ኢንሹራንስህን ነው። እነሱ ሳይከሰሱ መቼ ይከፍላሉ?»

ሚስቱ ከበረንዳው ሳቀች። «ከንቱ ወጪ እያልክ የጨቀጨቅከኝ፣ ያ ጃንጥላ የሚሉት ተጨማሪ ኢንሹራንስ አለን'ኮ! የቤቱ ሲያልቅ ቀሪውን እሱ ይከፍላል።»

ሩስ ማሰሪያውን ለሚስቱ አቀበላት። ዶሪንን ይቅርታ ሊጠይቃት ፈለገ፤ ግን የኢንሹራንሱ ሰዎች፣ «ጥፋትህን ማመን ይሆንብሃል» ብለው ከልክለውታል።

«ምንም አትናገር ብለውኛል» አላት።

«እንግዲያው ዝም ብለህ ደግፈኝ» አለችና ክንዷን ሰጠችው።