ከውስጥ የተዘጋ በር

«ያንን ቢላ አስቀምጥ ብዬሃለሁ!»

ባሌ አይሰማኝም። ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ትልቁን የቀለም ባልዲ በጉልበቶቹ መሀል አጣብቆ ይዟል። ባልዲው ውስጥ ቀለም የለም፤ እስከ አፉ የተጠቀጠቀ አፈር ነው። አፈሩ ውስጥ ሸረሪቷ አለች፣ ካለች።

«ካለች» የምትለዋን ጮክ ብዬ አልናገራትም። እኔም አንጀት አለኝ።

ሰው ድመት ያረባል፣ ሰው ርግብ ያረባል፤ የኔው ጉድ ሸረሪት ያረባል። ያውም ጣራ ላይ ድር የምታደራውን እንዳይመስላችሁ። ይቺኛዋ ጉድጓድ ቆፍራ፣ ግድግዳውን በድር ለስና፣ አፉ ላይ ማጠፊያ ያለው ክዳን የምትገጥም ናት። እሱ አናጺ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በር ሲሠራ ኖሯል። ያንን ክዳን መጀመሪያ ያየ ቀን «ያለ መጋዝ፣ ያለ ሜትር፣ ያለ አንድ ሚስማር!» እያለ እንቅልፍ ነሳኝ። የገዛ ጓዳችን በር ግን ይኸው እስከ ዛሬ በገመድ ይታሰራል።

ይቺን የምስር ፍሬ ከምታክልበት ጊዜ ጀምሮ በወረንጦ ትንኝ እያቀበለ ነው ያሳደጋት። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ወንድ ፈልጎ አመጣላት። የዳራት ቀን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከዚያ በኋላ ክዳኗን ከውስጥ በድርና በጭቃ ደፍና ጠፋች። ፌንጣ ቢጥልላት አትወጣ፣ ቢያንኳኳ አትመልስ።

ሲደፍኑ ለምን እንደሆነ ከውጭ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ከዚህ በፊት አንዷ እንዲሁ ስትዘጋ ከፈተባት፤ ለካ ቆዳዋን እየቀየረች ኖሮ፣ እንደ ቅቤ ለስልሳ መዳፉ ላይ ሞተች። ሌላዋን ደግሞ አልነካም ብሎ ሲጠብቅ ሲጠብቅ፣ ለካስ ሞታ ባዶ ቅርፊቷን ነበር የሚጠብቀው። ከፍቶም ጠብቆም አልሆነለትም።

«ሻጋታ ነው» ይላል፣ የቢላውን ጫፍ ወደ ክዳኑ እያስጠጋ። «ዙሪያውን ነጭ ሆኗል፣ አታዪም? ዛሬ ካላወጣኋት በስብሳ ትቀራለች።»

«እንቁላል ታቅፋ ከሆነስ?»

«ከሆነማ ስከፍትባት ትበላዋለች።» ቢላውን ፈቀቅ ያደርገዋል፣ መልሶ ያስጠጋዋል። «ታዲያ ዝም ብዬ ልያት? ይቺን ካጣሁ እኮ ሌላ አልጀምርም። በቃኝ።»

በር ሲገጥም ፀጉር ታህል የማትሳሳት እጁ የክዳኑን ጠርዝ ስታ አፈሩን ትጭራለች።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ቆይ እስቲ፣ እኔ ልየው።»

«አንቺ? በባልዲው አጠገብ እንኳ አላልፍም የምትዪው ሴትዮ?»

«ፈራሁ እንጂ ታወርኩ አልወጣኝም። ፈቀቅ በል!»

መርፌ ላይ ክር የማስገባበትን መነጽሬን አድርጌ አጎነብሳለሁ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ዓይኔ በትንሽ ነገር ላይ መዋል ለምዷል። ትንፋሼን ሰብስቤ ቀስ ብዬ እፍ እላለሁ። ነጩ ነገር ብድግ ይልና ይወዛወዛል፣ ብልጭ ይላል፣ ተመልሶ ይተኛል። ሻጋታ እንዲህ አያደርግም።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ክር ነው።»

«የምን ክር?»

«ክር ነዋ! ዕድሜዬን በሙሉ ክር ስጎትት ኖሬ ክር ይጠፋኛል? እንዲህ የቀጠነ ግን አይቼ አላውቅም።»

ክሩ ከክዳኑ ጠርዝ ተነስቶ አፈሩ ላይ ይሄዳል። በዓይኔ እየተከተልኩት እሄዳለሁ። የሚቆመው አንዲት ክብ ነገር ጋ ነው፤ የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ታክላለች። በአንድ ጎኗ ከአፈሩ ጋር ተያይዛለች፣ በሌላው ተላቃለች። ማጠፊያ አላት።

«ወይ ጉድ!» ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል፤ ከፍርሃት ግን አይደለም። «በር ነው። ና እይ፣ ሚጢጢ በር!»

አጠገቧ ሌላ አለች። ከዚያ ወዲያ ሌላ። ግልገሎቹ ክዳናቸውን በአፈር ስለለበጡት ነው ያልታየን እንጂ ባልዲው ሞልቷል፤ እናትየው ደጇን ከፍታ ልጆቿን አሰናብታለች፣ እኛ ከላይ ሆነን ሻጋታ እንላለን። ቢላው ሊያርፍበት የነበረው ቦታ ላይ ብቻ እንኳ ስንት በር አለ! አንዷ ብድግ ትላለች። ከቅንድብ ፀጉር የቀጠኑ እግሮች ብቅ ይሉና እልም ይላሉ፤ በሯም ያለ አንዳች ክፍተት ልክክ ትላለች።

ባሌ ቢላውን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት በአየር ላይ ይዞታል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እኔ የመጀመሪያ በሬን ስሠራ» ይላል በሹክሹክታ፣ «አለቃዬ በእርግጫ ነው የሰበረው። እነዚህን ማን አስተማራቸው?»

ልጅ ያላስተማሩትን ከየት እንደሚያውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ የገረመኝ ዛሬ ነው፣ ያውም በሸረሪት።

ወዲያው ግን ፊቱ ይለወጣል። «እናቲቱስ?»

ይህን ያህል ጊዜ አልበላችም። ልጆቿን አስወጥታ እዚያው ቀርታ ሊሆን ይችላል። እሱ ለመንካት ድፍረት የለውም፤ አየዋለሁ። ከደረቴ ላይ የሰካኋትን መርፌ ነቅዬ ጫፏን በትልቁ ክዳን ጠርዝ ስር ሰደድ አደርጋለሁ። ክዳኑ ያለ ችግር ብድግ ይላል። በሕይወት ያለች ሸረሪት በሯን እንዲህ በቀላሉ አትሰጥም።

ቀጥሎ መርፌዋ በእጄ እንደያዝኳት ወደ ታች ትሳባለች።

አጥብቄ እይዛታለሁ። ከታች ይጎትታል። ላላ ይልና እንደገና ይጎትታል፤ በሯን ከውስጥ ከያዘችው ኢምንት ገላ የሚመጣ ጉልበት እስከ አንጓዬ ድረስ ይሰማኛል።

«ምን ሆነ? ሞታለች?» ይላል ባሌ። «ተናገሪ እንጂ!»

ቢላውን ከእጁ አስጥዬ ጣቶቹን ከጣቶቼ ጎን መርፌዋ ላይ አስይዘዋለሁ።