ኅዳር አምስት

ወጣቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ ለትውልድ ከተማው የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ መተግበሪያ ሠራ። መተግበሪያው ሲሳሳት ጥፋቱ ሁልጊዜ የተጠቃሚው ነበር፤ እሱ እንደሚለው። ነርሷ ሲስተር ውዴ ለአራተኛ ጊዜ ስትደውል ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጎ ጥፍሩን እየቆረጠ ያዳምጣት ጀመር።

«ቀኑና ወሩ አሁንም ይገለባበጣል» አለችው። «5/3 ብለን ለኅዳር አምስት የቀጠርነውን ሰው፣ ስልኩ 3/5 ብሎ ጥር ሦስት ይጠራዋል።»

«ሰዎችሽ ማንበብ ካልቻሉ እኔ ፊደል ላስቆጥር ነው?» አላት። እንድትተወው ብሎ ግን ኮዱን ከፈተ። ስህተቱ አንድ መስመር ላይ ነበር፤ መስመሩን የጻፈው ራሱ ነው። በአምስት ደቂቃ አስተካከለው።

«ይኸው፣ ላንቺ ስል ነካካሁት። ይሄን ሁሉ የምትጨቀጭቂኝ ለመሆኑ የሞተብሽ ሰው አለ?»

«የሞተስ የለም። አንድ አባት ግን ለቀዶ ሕክምና ሁለት ወር ዘግይተው መጡ። የግራ ዓይናቸውን ማትረፍ አልቻልንም።»

«ታዲያ እሳቸው ዝም ካሉ አንቺ ምን አገባሽ?»



«አቤቱታ እንጻፍልዎ ብለናቸው ነበር» አለች። «‹የሠራው ልጄ ነው፤ እንጀራውን እንዳትዘጉበት› አሉን። ለእርስዎም እንዳልነግርዎ አስምለውኝ ነበር።»