የአባዬ ድርሻ

ወረዳው የሒሳብና የሳይንስ ውጤት ለማሻሻል ልጆችን በማሽን ማስተማር ከጀመረ ወዲህ፣ ለአዲሱ ትምህርት ቦታ እንዲለቅ ከእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትዝታ ይፋቃል። የሚፋቀውን የሚመርጠው ወላጅ ነው። ትርሲት ለልጇ ለብሌን የአባቷን ሞት መረጠች፤ «ሐዘኑ እንኳ ይቅርላት» ብላ።

ብሌን ከወረዳው አንደኛ ወጣች። ያን ዕለት ማታ ዳቦውን ሦስት ቦታ እኩል ቆረጠችና አንዱን በፎጣ ሸፈነችው።

«ለማን ነው?» አለች ትርሲት፣ እያወቀች።

«ለአባዬ ነዋ! ዛሬም ሊያመሽ ነው እንዴ?»

አንድ ቀን እውነቱን ነግራት ነበር። ልጅቷ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ግን ማሽኑ የሰማችውን እንደገና ፍቆላት ነበር።

«አዎ የኔ ልጅ፣ ያመሻል። አንቺ ብዪ።»

«ኧረ እማዬ! ውጤቴንማ ሳይሰማ አልበላም።»