የባል ጮማ

በዚያ ዘመን ሰው ሲጋባ ደሙም አብሮ ይጋባ ነበር፤ አንዱ የበላው ቅባት የሌላውም ልብ ጋ ይደርሳል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ወይዘሮ የሺመቤት ባቄላ እየለቀሙ ሳለ፣ በደማቸው ቅባት ሲበዛ የሚቀላው የእጃቸው አምባር ቀላ። ቁርሳቸው ግን ቅቤ ያልነካው የገብስ ቂንጬ ነበር። ወዲያው ባላቸው ጋ ደወሉ።

«ጌጡ፣ ጮማው የማን ቤት ነው?»

«ኧረ ትንሽ ቀመስኩ እንጂ!» አሉ አቶ ጌጡ እየሳቁ።

«ሐኪሙ የልብሽ ደም ሥር እየጠበበ ነው ብሎኛል። ወይ ደማችሁን ለያዩ፣ ወይ ጮማውን ይተው አለኝ። እኔ ላንተ ጮማ ቦታ ልልቀቅ ብዬ ቅቤ ከተውኩ ዓመት አለፈኝ።»

አቶ ጌጡ ሳቃቸው ጠፋ። የያዙትን ቁራጭ ሥጋ ሰሃኑ ላይ መልሰው፣ ጋባዣቸውን ይቅርታ ጠይቀው ወደ ቤት ገሰገሱ። ከሚስታቸው ጋር ቂንጬና ጎመን እያላመጡ፣ «ለመሆኑ እስካሁን ለምን ደማችንን አላስለየሽም?» አሉ።

«ባስለየውማ የት እንደምትበላ በምን አውቃለሁ?»

አቶ ጌጡ ትን እስኪላቸው ሳቁ። ከዚያ ሰሃናቸውን ገፋ አድርገው፣ «በይ፣ ጎመኑን ድገሚኝ» አሉ።