እንቅፋት አለ?

ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ከየቤታችን ስክሪን ፊት ቆመን እንሰበሰባለን። ትናንት ምን ሠራችሁ? ዛሬ ምን ትሠራላችሁ? እንቅፋት አለ? እንቅፋት ብለን የጠራነውን ሁሉ ድርጅቱ እስከ ማታ ያነሳዋል። ቶልቻ የጎረቤቱን ውሻ እንቅፋት ብሎ ጠራ፤ ውሻው ጠፋ። ፍሬወይኒ ተናዳ ባሏን እንቅፋት አለች፤ እስካሁን ትፈልገዋለች። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም «ተመስገን፣ ምንም የለም» ነው የምንለው። ሥራው ግን ይዘገያል።

ዛሬ የኔ ተራ ደረሰ።

«ስርጉት፣ ያንቺ ሥራ ከኛ ሰፈር መንገድ ሥራ በላይ ዘገየ እኮ!» አለ ቶልቻ።

አስተባባሪያችን ዮናታን አልሳቀም። «ቀኑ አልፏል። ችግሩ ምንድነው?»

«ምንም። ነገ ይደርሳል።»

እማዬ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ ምርኩዟን ይዛ መጣች። ታማ እኔ ጋ ነው ያለችው። እንዳትፈራ ብዬ የእንቅፋቱን ሕግ አልነገርኳትም። አፏን ልይዝ ስል ቀደመችኝ።

«የኔ ልጅ፣ እባክህ አትቆጣት። እንቅፋት የሆንኩባት እኔ ነኝ፤ እኔን ስታስታምም ነው የዘገየችው።»

ዮናታን አቀረቀረ። ስክሪኑ ላይ «ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ መጣ።

«አየሽ?» አለች እማዬ ደስ ብሏት። «ሰው በትሕትና ሲያናግሩት ይገባዋል።»

በሩን ቆለፍኩ፤ ሶፋውንም ጎትቼ አስደገፍኩት።