በጧፍ ሰም የተደፈነ ጭረት

ከዘንጉ ጭረቶች አንዱ በጧፍ ሰም መደፈኑን ስታይ፣ ወታደር የጫነው መኪና ወደ ዓባይ በረሃ ከወጣ ቆይቶ ነበር። ልጇ ጣሊያኖቹ ጋራዥ ሥራ ከገባ ጀምሮ ይህን የወይራ ዘንግ ከእጁ ለይቶት አያውቅም። በመኪኖቹ የፊት ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ከፊትም ከኋላም ይለካበታል፤ ልኩ ከጭረቶቹ ጋር ካልገጠመ መኪናው ቁልቁለት ላይ ለመሪ አይታዘዝም ብሏት ነበር። ዛሬ ግን በሩ ሥር ትቶት ሄዷል። ከሰሙ ሁለት ጣት ርቆ አዲስ ጭረት ነጭ ሆኖ ይታያል። በጋራዡ ደንብ ደግሞ ጎማ ያቀና ሰው በዚያው መኪና ይሳፈራል፤ የዛሬውን ያቀናው ልጇ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ በእግሩ መጣ።

«እማ፣ ምነው በር ላይ?»

«ይህን ማን ደፈነው?»

«ንብ ይሆናል።»

«ንብ ጧፍ አይሠራም። ከመኪናው ምን አወረደህ?»

«ዳገቱ ላይ ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ወረድሁ። ወታደሮቹ ስቀውብኝ ሄዱ።»

እሷ አልሳቀችም። መኪናው ገደል ቢገባም ባይገባም ጣሊያኖቹ ጎማውን ማን እንዳቀናው ይጠይቃሉ። ጋቢዋን አውልቃ አለበሰችው፤ ዳቦም አስያዘችው።

«በጓሮ ውጣ። አርበኞቹ ጋ ሳትደርስ እንዳትቆም።»

«አንቺስ?»

«ልጄ በመኪናው ሄዶ ቀረ ብዬ አለቅሳለሁ።»

እርምጃው እስኪጠፋ አዳመጠች። ዘንጉን ሰብራ እሳት ውስጥ ከተተችው። ከዚያም፣ ልጇ ውጭ እያለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ቀረቀረች።